ሽጉጡና ጥይቱ፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ የጦር መሣሪያ ምርጫ ታሪክ



የዛሬው ገለጻዬ የሚነሣው ተራ ከሚመስል አንድ ጥያቄ ነው። «በዋጋው የማይከብድ፣ በችግር ጊዜ የማያሳፍር ሽጉጥ የትኛው ነው?» ይህን የሚጠይቀው የሱሉልታ ነጋዴ፣ የቡራዩ የጭነት መኪና ባለቤት ወይም የሰበታ ገበሬ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ጥያቄውን እንደ ሻጭ ሳይሆን እንደ ታሪክ ተማሪ ልመልሰው እሞክራለሁ። ክርክሬም ይህ ነው፦ በአገራችን የአንድ መሣሪያ አስተማማኝነት የተለካው ከብረቱ ይልቅ በጥይቱ ነው፤ ጥይቱን ደግሞ የሚሰጠውም የሚነሣውም ዘመኑን የያዘው ሥልጣን ነው።

ሦስቱ ከተሞች ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም በታሪክ የዋና ከተማዋ በሮች ናቸው። ሱሉልታ በጎጃም፣ ቡራዩ በአምቦና በወለጋ፣ ሰበታ በጅማ መንገድ ላይ ይገኛሉ። ወደ አዲስ አበባ የሚገባውም ሆነ ከእርሷ የሚወጣው ስንቅና ትጥቅ በእነዚህ በሮች ሲመላለስ ኖሯል።

ከሱሉልታ ሜዳ በላይ ካለው ከእንጦጦ እንጀምር። በ1879 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ ከ2,000 በላይ ጠመንጃዎችን ከታጁራ በግመል አስጭኖ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ዘንድ ቀረበ። ጠመንጃዎቹ በአውሮፓ ጊዜ ያለፈባቸው ነበሩ። ንጉሡ ዋጋውን ቆረጡ፤ የራምቦ ሟች ሸሪክ የላባቱ ዕዳ ነው የተባለውንም ቀነሱ፤ ክፍያውንም ሐረር ላይ ከደጃዝማች መኰንን እንዲቀበል አዘዙ። ነጋዴው ከኪሳራ ጋር ተመለሰ። ብዙ ጊዜ ይህ ታሪክ ስለ ባለቅኔው ዕድለ ቢስነት ይተረካል፤ እኔ ግን ስለ ገዢው ዕውቀት የሚናገር ሆኖ አገኘዋለሁ። ምኒልክ አዲሱን ከአሮጌው ለይተው ያውቁ ነበር፤ ለአሮጌ መሣሪያም የአዲስ ዋጋ አልከፈሉም።

በዚያ ዘመን ሕዝቡ አጥብቆ የወደደው ውጅግራን ነው። ስሙ «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ መጠሪያ የመጣ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. የ1874 ሥሪት፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ 11 ሚሊሜትር ጠመንጃ ነበር። ውጅግራ የተመረጠው ከሁሉ የላቀ ስለነበረ አይደለም። ጥይቱ በየገበያው ይገኝ ነበር፤ ቀለሃው ተለቅሞ እንደገና ይሞላ ነበር፤ ጥይቱ ራሱም እንደ አሞሌ ጨው የመገበያያ ገንዘብ ሆኖ አገልግሏል። ጥይቱ ገንዘብ የሆነለት ጠመንጃ ባለቤቱን አያሳፍርም።

በአንጻሩ ሽጉጥ የተለየ ታሪክ አለው። ጠመንጃ የዘመቻ መሣሪያ ነው፤ ሽጉጥ የማዕረግና የቅርብ ርቀት መሣሪያ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሕይወታቸውን ያጠፉበት ሽጉጥ ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከላቸው ስጦታ እንደነበር በሰፊው ይነገራል። በገበያ የተመረጠ ሳይሆን ከመንግሥት ወደ መንግሥት የተሰጠ ነበር።

ዛሬ ክላሲክ የምንላቸው ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጦችም በአብዛኛው የመጡልን በዚሁ መንገድ፣ ከመንግሥታት ጋር ነው። የጣሊያን ሠራዊት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ቤሬታ 1934ን ታጥቆ ነበር፤ ጥይቱ አጭሩ 9 ሚሊሜትር ነው። በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የተፈረመው የመከላከያ ስምምነት የአሜሪካን መሣሪያ አስገባ፤ የዚያ ጦር ሽጉጥ ጆን ብራውኒንግ የነደፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1911 ሥራ ላይ የዋለው ባለ 11.43 ሚሊሜትሩ ኮልት ነበር። በ1969 ዓ.ም. ደርግ ፊቱን ወደ ሶቪየት ኅብረት ሲያዞር ቶካሬቭና ማካሮቭ ተከተሉ።

የቶካሬቭ አሠራር ከብራውኒንግ ንድፍ የተቀዳ ነው፤ ሆኖም የኮልት ጥይት አይጎርስም። ማካሮቭ በርሜሉ ከአካሉ ጋር የተጣበቀ፣ ክፍሎቹ ጥቂት፣ ለመፍታትና ለመግጠም የቀለለ ስለሆነ አስተማማኝ የሚል ስም አተረፈ። ቶካሬቭ ኃይለኛ ቢሆንም በመጀመሪያ ሥሪቱ በእጅ የሚዘጋ መጠበቂያ የለውም። የቤሬታውም የማካሮቩም ጥይት «9 ሚሊሜትር» ይባላል፤ ግን አንዱ በሌላው አይተካም። ስለዚህ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የትናንቱ ምርጥ ሽጉጥ ጥይት አልባ ጌጥ ወደ መሆን ተቃረበ።

በቡራዩ በኩል ያለው የታጠቅ ጦር ሰፈር ይህን ለውጥ በስሙም በሥራውም ይመሰክራል። «አባ ታጠቅ» የቴዎድሮስ የፈረስ ስም ነበር። በ1969 ዓ.ም. በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ገበሬዎች ለሚሊሺያነት ሲመለመሉ ታጠቅ ዋና ማሠልጠኛ ሆነ። ለገበሬው ጠመንጃ ተሰጠው፤ በወገቡ ሽጉጥ የሻጠው ካድሬው ነበር። የቀይ ሽብርን ዘመን ያየ ሰው ሽጉጥን ከመሣሪያነቱ ይልቅ የሥልጣን ምልክት አድርጎ ቢያስታውሰው አይፈረድበትም። በ1983 ዓ.ም. ያ ሠራዊት ሲበተን መሣሪያው ተበተነ፤ የመንግሥት የነበረው ሽጉጥ የገበያ ዕቃ ሆነ።

ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ፖሊስና ጉምሩክ በተደጋጋሚ የሚይዟቸው ቱርክ ሠራሽ ሽጉጦች የዚህ ታሪክ የቅርብ ምዕራፍ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ መጀመሪያ የተሠሩት ድምፅ ብቻ እንዲያሰሙ ሲሆን፣ በኋላ በሕገ ወጥ መንገድ እውነተኛ ጥይት እንዲተኩሱ ይለወጣሉ። መልካቸው የታወቁትን ሽጉጦች ይመስላል፤ ዋጋቸውም ይረክሳል። አካላቸው ግን በአብዛኛው ከለስላሳ የብረት ቅይጥ የተሠራ ስለሆነ የእውነተኛ ጥይትን ግፊት ለመቋቋም አልተበጀም፤ በተኳሹ እጅ ውስጥ ሊፈነዳም ይችላል። ምኒልክ በእንጦጦ ያስተዋሉት የአሮጌና የአዲስ ልዩነት በድብቅ ገበያ ውስጥ ይጠፋል፤ ገዢው የሚመረምርበት ብርሃን፣ ሲታለል የሚከስበት ዳኛ የለውምና።

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝን ከፈቃድ ጋር አስሯል። አዋጁን እንደ ክልከላ ብቻ የሚያነቡት አሉ። እኔ ከገለጽሁት ታሪክ አንጻር ሌላ ጥያቄ አነሣለሁ፦ ሰውየው ሽጉጥ የሚፈልገው ለምንድን ነው? በሌሊት መንገድ ላይ ሲጠራ የሚደርስለት ፖሊስ እንዳለ ቢያምን፣ የወር ገቢውን ለማይታወቅ ብረት ያፈስ ነበርን?

«አስተማማኝ» የሚለው ቃላችን ሥሩ «አመነ» ነው። የታሪክ ተማሪዎች የመሣሪያን ዓይነትና ብዛት ስትመዘግቡ ጥይቱ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደሰጠው፣ ገዢውም ማንን ማመን እንዳቃተው አብራችሁ እንድትመረምሩ አደራ እላለሁ። የሱሉልታው ነጋዴ ጥያቄ በጦር መሣሪያ ታሪክ ብቻ አይመለስም፤ የመንግሥትና የሕዝብ መተማመን ታሪክም ይጠየቃል።