የሕፃኑ ስንቅና የፊደል ገበታው
የኩርድኛ ትምህርት ታሪክ የሚሰጠው ትምህርት

አንድ ሕፃን ትምህርት ቤት ሲገባ ባዶውን አይመጣም። ከእናቱ የሰማውን ተረት፣ ከእኩዮቹ ጋር የተጫወተውን ጨዋታ፣ የሚያግዳቸውን ከብቶች ስም ይዞ ይመጣል። የቋንቋ ትምህርት ከዚህ ስንቅ ሲነሣ እንዴት እንደሚጠና፣ ከዚህ ሲለይም እንዴት እንደሚላላ የኩርድኛ ትምህርት ታሪክ በሚገባ ያስረዳል።

በሶቪየት አርመንያ ይኖሩ የነበሩት ኩርዶች አብዛኞቹ በደጋ መንደሮች ከብት አርቢዎች ነበሩ። ቋንቋቸው ኩርማንጂ በተረትና በዜማ የበለጸገ ቢሆንም ለልጆቻቸው የሚሆን የመማሪያ መጽሐፍ አልነበራቸውም። በ1921 እ.ኤ.አ. በአርመን ፊደል የተጻፈ መማሪያ ተዘጋጀ። በ1929 ደግሞ ኤሬብ ሸሞና ይስሐቅ ማሮጉሎቭ ያዘጋጁት የላቲን ፊደል ተተካ። በ1930 «ሪያ ታዜ» ማለትም «አዲስ መንገድ» የተባለው ጋዜጣ ተመሠረተ፤ በ1931 የኩርድ መምህራን ማሠልጠኛ በየረቫን ተከፈተ። ኤሬብ ሸሞ በልጅነቱ እረኛ ስለ ነበረ፣ በ1935 በኩርድኛ የታተመው «የኩርድ እረኛ» የተሰኘው መጽሐፉ የመንደር ልጆች በዓይናቸው የሚያዩትን ኑሮ በጽሑፍ አቀረበ።

ይሁን እንጂ ጅምሩ ሳይጸና ችግር ገጠመው። በ1937 ብዙ የኩርድ ቤተሰቦች ወደ መካከለኛው እስያ ተጋዙ፤ በ1938 ጋዜጣው ተቋረጠ። በ1946 ሐጂዬ ጅንዲ ያዘጋጀው የሲሪሊክ ፊደል ሥራ ላይ ዋለ። በ25 ዓመታት ውስጥ ሦስት ፊደላት በመፈራረቃቸው፣ በላቲን ፊደል ብቻ ማንበብ የተማረ አባት ልጁ ወደ ቤት ይዞት የሚመጣውን መጽሐፍ ለመረዳት እንደገና ፊደል መቁጠር ነበረበት። በዚህ ሁሉ መካከል ያልተቋረጠው የቤት ተረትና ዜማ ነበር። በ1955 የየረቫን ራዲዮ በኩርድኛ ማሠራጨት ሲጀምር ይህንኑ ቅርስ በአየር ሞገድ አስተላለፈ፤ ድምፁም ድንበር ተሻግሮ በቱርክ በሚገኙ የኩርድ መንደሮች ይደመጥ ነበር።

በቱርክ በ1983 የወጣው ሕግ በኩርድኛ ሐሳብን መግለጽና ማሠራጨትን ከለከለ፤ የተሻረውም በ1991 ነው። በ2012 ቋንቋው በምርጫ የሚወሰድ ትምህርት ሆኖ ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ተፈቀደ። ነገር ግን 5ኛ ክፍል የሚደርስ ልጅ ማንበብንና መቁጠርን በሌላ ቋንቋ ለምዶ ጨርሷል፤ ከተረትና ከጨዋታ የሚነሣው የመጀመሪያው የንባብ ዘመንም አምልጦታል።

በስዊድን የተደረገው ሙከራ ከዚህ ይለያል። በ1977 በተጀመረው የቤት ቋንቋ ትምህርት መሠረት የስደተኞች ልጆች የወላጆቻቸውን ቋንቋ በትምህርት ቤት የመማር ዕድል አገኙ። በዚያ የተሰደዱ የኩርድ ጸሐፍትም ለሕፃናት የሚሆኑ መጻሕፍትን በኩርማንጂ አሳተሙ።

ከዚህ ታሪክ እንደምንረዳው፣ ፊደልና ሕግ በር ይከፍታሉ፤ ሕፃኑን ወደ ውስጥ የሚያስገባው ግን የራሱ ፍላጎት ነው። ስለዚህ የትምህርት ዕቅድ አውጪ ፊደልን ከመወሰኑ ጋር ልጁ የሚወደውን ማጥናት፣ መምህሩም የመጀመሪያውን ንባብ ልጁ አስቀድሞ በቃሉ ከሚያውቀው ተረት መጀመር ይገባቸዋል። የወላጅም ድርሻ መዘንጋት የለበትም፤ ልጁ የያዘውን መጽሐፍ ቤተሰቡ ማንበብ ካልቻለ ትምህርቱ ከትምህርት ቤቱ ደጃፍ አያልፍም።