«ልጄን ለማን ጥዬው ልምጣ?»

በሰፈራችን አንዲት እናት አሉ፤ ስማቸው ከእድራችን የቅጣት መዝገብ ጠፍቶ አያውቅም። ቀብር ይቀራሉ፣ ይቀጣሉ። ሠልስት ይቀራሉ፣ ይቀጣሉ። አንድ ቀን «እትዬ፣ ምነው ከሰው ራቁ?» ብላቸው፣ «ልጄን ለማን ጥዬው ልምጣ?» አሉኝ። ልጃቸው ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የአእምሮ እድገት ውስንነት አለበት፤ ለብቻው አይተውም። የገዛ እህታቸውን እንኳ አልቀበሩም።

ለመሆኑ ይህን ጥያቄ የሰማ መንግሥት አለ? አለ። ታዲያ በርኅራኄ ብቻ የሰማው እንዳይመስላችሁ፤ ሒሳብ ነው ያሰማው።

ኬቲ ቤኬት እ.ኤ.አ. በ1978 አሜሪካ፣ አዮዋ ውስጥ ተወለደች። ገና በጨቅላነቷ አንጎሏን ያጠቃ ሕመም ያዛትና ያለ መተንፈሻ መሣሪያ መኖር ተሳናት። ሜዲኬይድ የተባለው የመንግሥት የሕክምና ድጋፍ ሆስፒታል ከተኛች ይከፍላል፤ ቤቷ ከገባች ያቋርጣል። በዚህ ደንብ ሕፃኗ ዕድሜዋን ሆስፒታል ስትገፋ፣ ወጪዋ ቤት ቢሆን ከሚያስፈልገው ስድስት እጥፍ ገደማ ነበር። ነገሩን እ.ኤ.አ. በኅዳር 1981 ለጋዜጠኞች ያነሡት ፕሬዚዳንት ሬገን ናቸው፤ ያውም የማኅበራዊ በጀት በመቁረጥ የሚታወቁት ሰውዬ! ኬቲ ቤቷ ገባች፤ በዓመቱ ለመሰሎቿ የሚሆን ሕግ ወጣ። በዚያው በ1981 የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ ግዛቶች የሜዲኬይድን ገንዘብ ለቤት ውስጥ እንክብካቤ እንዲያውሉ ፈቀደ። ከተዘረዘሩት አገልግሎቶች አንዱ እፎይታ ነበር፤ አስታማሚው እንዲያርፍ ሌላ ሰው ለጥቂት ሰዓት ወይም ቀን የሚተካበት።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2006 አሜሪካ እፎይታን ራሱን የቻለ ሕግ አወጣችለት። ቀለሙ ግን ከገንዘቡ ቀደመ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ሰባራ ሳንቲም አልተመደበለትም፤ በ2009 የተገኘውም ለዚያች ሰፊ አገር 2.5 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነበር።

የሚገርመው፣ ያ ሕግ ከመፈረሙ ስምንት ቀን ቀደም ብሎ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን አጽድቆ ነበር። አንቀጽ 28 ችግረኛ ቤተሰቦች ከመንግሥት ሊያገኙት ከሚገባ እርዳታ መካከል እፎይታን በስሙ ይጠራዋል። የአሜሪካ ሴኔት በ2012 ይህን ስምምነት ሳያጸድቅ ቀረ። እኛስ? በ2002 ዓ.ም. አጽድቀነዋል! የ1987ቱ ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 41 አካል ጉዳተኞችን አቅም በፈቀደ መጠን ለመርዳት ቃል ይገባል። የአስታማሚዋን ስም ግን አያነሣም።

እንግዲህ እውነቱን እንነጋገር። አዮዋ ላይ የሠራው ክርክር እዚህ አይሠራም። እዚያ መንግሥት ለሆስፒታሉ ይከፍል ስለነበር፣ ቤተሰቡን መርዳት ቁጠባ ሆነለት። እዚህ ግን ሁሉን የሚከፍሉት እናትየዋ ናቸው። እንቅልፋቸው፣ ወገባቸው፣ ያልሠሩት ሥራ በየትኛውም በጀት አይመዘገብም። ያልተመዘገበ ወጪ ደግሞ ለመንግሥት ነፃ ይመስላል።

መንገድ የጠረጉ አልጠፉም። ነፍሳቸውን ይማርና ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 የኦቲዝም ማዕከል ሲከፍቱ፣ መነሻቸው የገዛ ልጃቸው ነበር። ልጅ ማዕከል የሚውልበት ሰዓት ለእናት የእፎይታ ሰዓት ነው። ይሁንና እንዲህ ያለው ሸክም እስከ መቼ በአንዲት እናት ጽናት ላይ ይንጠለጠላል? አንድ የሠለጠነ ሰው በየቀበሌው ቀጥሮ በሳምንት ጥቂት ሰዓት በየቤቱ ማዟዟር ከአቅማችን በላይ ነው?

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ እጄን አወጣለሁ። የእትዬ ቅጣት ይነሣ ብዬ አይደለም፤ ቅጣት መሰረዝ እረፍት አይሆንም። ድንኳንና ወንበር እንደምናውሰው ሁሉ፣ እሳቸው ለቅሶ ሲሄዱ ከልጃቸው ጋር የሚቀመጥ ሰው እናውስ እላለሁ። የመጀመሪያው ተረኛ እኔው ነኝ። የመንግሥትን ተራ ደግሞ እንጠብቃለን፤ ዝም ብለን ግን አይደለም።