የመስኮት መጋረጃና ገመዱ

ከመቀመጫ ሳይነሡ ቁልፍ ተጭኖ የመስኮት መጋረጃን ማውረድ የስንፍና ምቾት ነው የሚል አስተያየት ብዙ ጊዜ ይሰማል። እኛ ግን ታሪኩን ስንመረምር ከምቾት የበለጠ ነገር አገኘንበት። ዘመኖቹ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ1769 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ቤቫን ቀጫጭን የእንጨት ሰሌዳዎችን በማዘንበል ብርሃን የሚመጠንበትን መጋረጃ በስሙ አስመዘገበ። በ1841 ዓ.ም. በኒው ኦርሊንስ ጆን ሃምፕሰን የማዘንበያውን መሣሪያ አሻሻለ። መጋረጃውን የሚያነሣውና የሚያወርደው ግን ገመድ ነበር፤ ይኸው ገመድ በየቤቱ ተንጠልጥሎ ብዙ ሕፃናትን አንቆ ገደለ። ስለዚህም በአሜሪካ ከ2018 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ፥ በሱቅ ተዘጋጅተው የሚሸጡ መጋረጃዎች ገመዳቸው የቀረ፥ የተሸሸገ ወይም በጣም ያጠረ እንዲሆን የሚያዝ የሠሪዎች ደንብ ሥራ ላይ ዋለ።

ገመዱን ከሚተኩት መንገዶች አንዱ ሞተር ነው። ከሩቅ ሆኖ ማዘዙም በመጀመሪያ ቀላል አልነበረም፤ በ1955 ዓ.ም. ዩጂን ፖሊ ለቴሌቪዥን የሠራውን በብርሃን የሚያዝ መሣሪያ በመስኮት የምትገባ ፀሐይ ታሳስተው ነበር። የዛሬው የመጋረጃ ሪሞት ግን በአብዛኛው በራዲዮ ሞገድ ያዛል። ሞተሩ በመጠቅለያው ቱቦ ውስጥ ይገባል፤ ገጣሚውም መደገፊያ ብረቶቹን በውኃ ልክ አስተካክሎ ካሰረ በኋላ፥ ሞተሩ ከላይና ከታች የሚቆምበትን ወሰን ያስይዘዋል።

ነገር ግን አደጋው ፈጽሞ አልጠፋም። በብዙ ሪሞቶች ውስጥ ያለችውን ሳንቲም የመሰለች ባትሪ ሕፃን ቢውጣት ጉሮሮውን ታቃጥላለች። በአሜሪካ በ2022 ዓ.ም. የባትሪው ክዳን በሕፃን እጅ እንዳይከፈት የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። እንግዲህ ገመዱን ከመስኮት ያወረደ ቤተሰብ ሪሞቱንም ከሕፃን እጅ ያርቅ ዘንድ እንመክራለን።