«የወረቀት ጉዳይ ነው»፦ የአንድ የካንሰር መድኃኒትና የአክሲዮኑ ታሪክ

ባለፈው ወር የእኅቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ደወለልኝ። ሰላምታውን በአጭሩ ጨርሶ፣ «አክስቴ፣ ያ ገንዘብ አሁንም አንቺ ጋ ነው አይደል?» አለኝ።

ያ ገንዘብ የእናቱ ነው። ታላቅ እኅቴ በትልቁ አንጀት ካንሰር ታማ ናይሮቢ ስትታከም ቤተሰቡ ከዚህም ከዚያም ለመድኃኒት ብሎ ያሰባሰበው ነው። ለምን ሳይወጣ እንደቀረ ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ። እርሷ ካረፈች ወዲህ ለልጆቿ ተብሎ ተቀምጧል። ልጁ አሁን የሚለው፣ አሜሪካ ውስጥ ያለ አንድ ኩባንያ አዲስ የካንሰር መድኃኒት አውጥቶ ለፈቃድ አስገብቷል፤ ጓደኞቹ ሁሉ አክሲዮኑን እየገዙ ነው፤ ፈቃዱ በወጣ ማግስት ዋጋው እጥፍ ይሆናል ነው። «ደግሞስ የእማዬ ገንዘብ በካንሰር መድኃኒት ላይ ቢውል ምን ነውር አለው?» ሲለኝ መልስ አጣሁ።

ነውር የለውም። ግን ኮሜርስ ስማር የሰማሁት አንድ ታሪክ ትዝ አለኝ። ያኔ ጋዜጣውም ሬዲዮውም ያወራው ስለ ታዋቂዋ ሴትዮ ስለ ማርታ ስቱዋርት ብቻ ነበር። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ እያነበብኩ ስመጣ፣ ሴትዮዋ የታሪኩ ጫፍ ብቻ እንደሆነች ገባኝ። ለእርሱ በስልክ የነገርኩትን ለእናንተም ልጻፈው፤ እንዲህ ያለ ስልክ የሚደወልለት ሰው እኔ ብቻ አይደለሁምና። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኢምክሎን ሲስተምስ የሚባለውን ኩባንያ ሳሙኤል ዋክሳል የተባለ ሳይንቲስት በ1984 ኒው ዮርክ ላይ አቋቋመው። ሐኪም የሆነው ወንድሙ ሃርላንም አብሮት ሠራ። ኩባንያው በ1991 አክሲዮኑን ለሕዝብ ሸጠ፤ ለገበያ ያቀረበው መድኃኒት ግን አልነበረውም። አሥር ዓመት ሙሉ የሸጠው ተስፋ ነው ማለት ይቻላል። ይህ በመድኃኒት ንግድ ውስጥ ነውር አይደለም፤ አሠራሩ ራሱ እንዲህ ነው።

ተስፋው ደግሞ ባዶ አልነበረም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጆን ሜንደልሶን የተባሉ ሐኪም በካሊፎርኒያ ከባልደረቦቻቸው ጋር አንድ ሐሳብ ይዘው ተነሡ። ብዙ የካንሰር ሕዋሳት በላያቸው ላይ «እደግ፣ ተባዛ» የሚለውን መልእክት የሚቀበሉበት በር አላቸው። ያንን በር የሚዘጋ አንቲቦዲ ቢሠራ ሕዋሱ ማደጉን ያቆማል ነው ነገሩ። ሠሩት፤ መጀመሪያ ከአይጥ፣ በኋላም ከፊሉ የሰው ሆኖ። ኢምክሎን መብቱን ወሰደና ኤርቢተክስ ብሎ ሰየመው። የሳይንስ ስሙ ሴቱክሲማብ ነው።

በግንቦት 2001 ሳን ፍራንሲስኮ በተደረገ ትልቅ የካንሰር ሐኪሞች ጉባኤ ኩባንያው ውጤቱን አቀረበ። 120 ሕመምተኞች ናቸው፤ ሁሉም የአንጀት ካንሰራቸው አይሪኖቴካን በሚባለው ኪሞ አልመለስ ያለ። ኤርቢተክስ ከዚያው ኪሞ ጋር ሲሰጣቸው ከመቶ 22.5 በሚሆኑት ዕጢው በጉልህ ቀነሰ ተባለ። ሌላ ምንም ላልቀረው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከየቦታው ሕመምተኞች መድኃኒቱን ስጡን እያሉ ደብዳቤ ይጽፉ ጀመር። አክሲዮኑም ወጣ።

በመስከረም 2001 ትልቁ የመድኃኒት ድርጅት ብሪስቶል ማየርስ ስኩዊብ መጣ። ውሉ እስከ 2 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ነበር። 1 ቢሊዮኑ የአክሲዮን ግዢ ነው፤ ከባለድርሻዎች ላይ አንዱን በ70 ዶላር ሒሳብ፣ ከገበያው ዋጋ በጣም አስበልጦ። ሌላው ቢሊዮን በየደረጃው የሚከፈል ነው፤ 200 ሚሊዮን ውሉ ሲፈረም፣ 300 ሚሊዮን ማመልከቻው ተቀባይነት ሲያገኝ፣ 500 ሚሊዮን ፈቃዱ ሲወጣ። ይህን የከፈለ ነጋዴ ሞኝ አይደለም። ቀብድ ሰጥቶ ቀሪውን ዕቃው ኬላ ሲያልፍ እከፍላለሁ እንደማለት ነው። የሞኝነቱ ነገር በአክሲዮኑ በኩል ነው፤ እዚያ ላይ ሙሉውን ዋጋ ኬላው ሳይታለፍ ከፍሏል። ሁለቱ ወንድማማቾች ደግሞ በዚያ ግዢ የየራሳቸውን ድርሻ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ዋጋ ሸጠዋል። ባለቤቱ ራሱ ሲሸጥ ያየ ገዢ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነበረበት፤ ያኔ ግን የጠየቀ ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይለየውን ልንገራችሁ። በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት፣ ኤፍዲኤ በሚባለው፣ ማመልከቻ ማስገባትና ማመልከቻ ተቀባይነት ማግኘት ሁለት ነገር ናቸው። ኩባንያው ፋይሉን ካስገባ በኋላ መሥሪያ ቤቱ 60 ቀን አለው። በዚያ ጊዜ የሚያየው መድኃኒቱ ይሠራል አይሠራም የሚለውን ሳይሆን፣ ፋይሉ ለመመርመር የሚበቃ ነው ወይ የሚለውን ነው። የማይበቃ ከሆነ አልቀበልም የሚል ደብዳቤ ይጽፋል። ይህ ከመከልከልም የባሰ ነው ማለት ይቻላል፤ ፋይሉን ለመመርመር እንኳ አልጀመሩትምና። ኢምክሎን ፋይሉን አሟልቶ ያስገባው በጥቅምት 31 ቀን 2001 ነው። 60ው ቀን የሚሞላው በዓመቱ መጨረሻ ላይ ነበር።

በታኅሣሥ 26 ደብዳቤው እንደሚመጣ ለዋክሳል ወሬው ደረሰው። በማግስቱ ጠዋት ሴት ልጁ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ አክሲዮን ሸጠች። አባቱም ሸጡ። እርሱ ራሱም የራሱን ድርሻ ለመሸጥ ሞከረ፤ ደላሎቹ እምቢ አሉት። ማርታ ስቱዋርት የዋክሳል ወዳጅ ነበረች። የእርሷና የዋክሳል ደላላ አንድ ሰው ነው፤ ዋክሳሎች እየሸጡ መሆኑ ከዚያ ቢሮ ተነገራትና 3,928 አክሲዮኗን በዚያው ቀን በ228,000 ዶላር ገደማ ሸጠች። በዚህ ያዳነችው ኪሳራ 45,673 ዶላር ነው ተብሎ ተሠላ። ለእርሷ ሀብት ይህ የሽሮ ዋጋ ነው።

ዓርብ ታኅሣሥ 28 ደብዳቤው መጣ። ኩባንያው ዜናውን ያወጣው ገበያው ከተዘጋ በኋላ ነው። ሰኞ አክሲዮኑ በአንድ ቀን 16 በመቶ ወርዶ 46 ዶላር ገደማ ላይ ቆመ።

ዋክሳል በዚያ ሰኞ ለባለሀብቶች በስልክ ማብራሪያ ሰጠ። የተናገረው በአማርኛ ሲቀመጥ «የወረቀት ጉዳይ ነው» የሚል ነው። ሰነድ ይጎድላል፤ አሟልተን በጥቂት ወራት ውስጥ መልሰን እናስገባለን አለ።

ሞያሌ ላይ የሠራ ሰው ይህችን ቃል ያውቃታል። ከዓመታት በፊት ወደ ኬንያ አንድ ጭነት ቦሎቄ ልኬ ነበር። ተይዞ ቀረ። አስተላላፊዬን ስጠይቀው «የወረቀት ጉዳይ ነው፤ ነገ ያልቃል» አለኝ። ነገ፣ ነገ እያለ ዘጠኝ ቀን ሆነው። በአሥረኛው ቀን ራሴ ሄጄ ስጠይቅ፣ ቦሎቄው ነቅዟል። ወረቀቱ ምንም አልጎደለውም ነበር፤ የጎደለው ዕቃው ነው። የወረቀት ጉድለት በብርና በጊዜ ይሞላል። የዕቃ ጉድለት ግን ከመጀመሪያው ካልተመለሱ አይሞላም። ስለዚህ ያቺን ቃል ስሰማ እስከ ዛሬ ሆዴ ይሸበራል።

የኢምክሎን ነገር ደግሞ ከእኔ ቦሎቄ የተለየ ነው። በጥር 2002 መጀመሪያ ላይ ካንሰር ሌተር የተባለ ጋዜጣ የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ አግኝቶ ይዘቱን አወጣው። የሚለው ሰነድ ጎደለ ብቻ አይደለም፤ ሙከራው ራሱ ጉድለት አለው ነው። ሕመምተኞቹ ሁሉ ኤርቢተክስንና ኪሞውን አንድ ላይ ነው የወሰዱት። ኤርቢተክስን ለብቻው የወሰደ ወገን በሙከራው ውስጥ አልነበረም። ታዲያ ዕጢውን ያሳነሰው የትኛው እንደሆነ በምን ይታወቃል? ደግሞ ከሕመምተኞቹ አንዳንዶቹ ኪሞው በእርግጥ አልሠራላቸውም ለማለት ማስረጃቸው አይበቃም ተባለ። ዕቃው የነቀዘ ነው ያለ የለም፤ ጥሩ መሆኑን ለማወቅ በሚያስችል መንገድ አልተለካም ነው የተባለው። ባለሀብቱ ግን እነዚህን ሦስት ነገሮች፣ የወረቀት ጉድለትን፣ የመለኪያ ጉድለትንና የዕቃ ጉድለትን፣ መለየት የሚችልበት ምንም አልነበረውም። የያዘው የባለቤቱን ቃል ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ፈጠነ። ዋክሳል በግንቦት 2002 ከሥልጣኑ ወረደ፣ በሰኔ ታሰረ። በዚያው ክረምት አክሲዮኑ ከ10 ዶላር በታች ነበር። በጥቅምት ጥፋቱን አመነ፤ በሰኔ 2003 የ7 ዓመት ከ3 ወር እስራት ተፈረደበት። ማርታ ስቱዋርት ደግሞ በመጋቢት 2004 ጥፋተኛ ተባለች። ብዙ ሰው የሚስተው ግን የተፈረደባት አክሲዮን በመሸጧ አይደለም፤ ለምን እንደሸጠች ለመርማሪዎች በመዋሸቷ ነው። አምስት ወር እስር ቤት፣ አምስት ወር ደግሞ በቤቷ ሆና ጨረሰች።

በዚህ ሁሉ ጩኸት መሐል መድኃኒቱ ምን ሆነ?

ከአሜሪካና ከካናዳ ውጭ የመሸጥ መብቱን የያዘው የጀርመኑ ሜርክ ነበር። እርሱ በአውሮፓ ሙከራውን እንደሚገባው አደረገው። 329 ሕመምተኞችን በሁለት ወገን ከፈላቸው፤ የሚበዙት ኤርቢተክስን ከኪሞው ጋር፣ የቀሩት ኤርቢተክስን ብቻ ወሰዱ። አንድ ላይ በወሰዱት ከመቶ 22.9፣ ለብቻው በወሰዱት ከመቶ 10.8 በሚሆኑት ዕጢው ቀነሰ። ቁጥሩን ልብ በሉልኝ። ኢምክሎን በ2001 ካለው 22.5 ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ዋክሳል ስለ ዕቃው አልዋሸም ነበር ማለት ነው። ሙከራውን አስቀድሞ በሥርዓቱ ቢያደርገው ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልኩ አስባለሁ። ምናልባት መዋሸት ባላስፈለገው፣ ሕመምተኞቹም ሁለት ዓመት ባልጠበቁ። ለእነርሱ ሁለት ዓመት ማለት ዕድሜ ነው።

ፈቃዱ የወጣው በየካቲት 12 ቀን 2004 ነው። በዚያ ቀን ዋክሳል እስር ቤት ነበር፤ የማርታ ስቱዋርት ችሎት ኒው ዮርክ ላይ እየተካሄደ ነበር። የመድኃኒቱ ዋጋ ለአንድ ወር 10,000 ዶላር ገደማ ተባለ። በዚያው ዓመት አክሲዮኑ ከ80 ዶላር በላይ ወጣ። በ10 ዶላር ገዝቶ የቆየ ሰው አተረፈ፤ በ70 ገዝቶ ደንግጦ በ10 የሸጠውስ?

አሁን ወደ እኅቴ ልመለስ። ፈቃዱ ሲወጣ መድኃኒቱ ዕጢ እንደሚያሳንስ እንጂ ዕድሜ እንደሚጨምር ገና አልታወቀም ነበር። በ2007 በ572 ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ወጣ፤ መካከለኛው ዕድሜ ከ4.6 ወር ወደ 6.1 ወር ከፍ ብሏል። በቀጣዩ ዓመት የእነዚያኑ ሕመምተኞች ዕጢ እየመረመሩ ሲለዩት ነገሩ ተገለጠ። ኬ-ራስ የሚባለው ጂን ያልተለወጠባቸው መድኃኒቱን ወስደው 9.5 ወር፣ ሳይወስዱ 4.8 ወር ኖሩ። ጂኑ የተለወጠባቸው ግን ቢወስዱም ባይወስዱም ልዩነት የለም። እነዚህ ከመቶ 40 ገደማ ናቸው። በ2009 ኤፍዲኤ ይህ በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ እንዲጻፍ አደረገ።

ናይሮቢ ያሉት ሐኪም ለእኅቴ ይህን መድኃኒት ሲያነሡ፣ እኛ ገንዘቡን አሰባስበን ቦታውን እንኳ ለመሸጥ ገዢ አናግረን ነበር። ሐኪሙ ግን «መጀመሪያ ዕጢው ይመርመር» አሉ። ውጤቱ ሲመጣ ጂኑ ተለውጧል። መድኃኒቱ አይጠቅማትም። ያን ቀን ሐኪሙን ጠላኋቸው፤ ገንዘብ ይዘን ቆመን አይሸጥላችሁም የተባልን መሰለኝ። እኅቴ ናት፣ «ተዪው፣ ልጆቹ ይማሩበት» ያለችኝ። ገንዘቡ ሳይወጣ የቀረው በዚህ ነው።

የኢምክሎን መጨረሻው ደግሞ እንዲህ ሆነ። በ2008 ኢላይ ሊሊ የተባለው ድርጅት ኩባንያውን በ6.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። የአንዱ አክሲዮን ዋጋ ስንት ነበር ብትሉ፣ 70 ዶላር። ብሪስቶል በ2001 በ70 የገዛውን ከሰባት ዓመት በኋላ በ70 ሸጠው፤ ቢሊዮን አውጥቶ ቢሊዮን መለሰ። ከመድኃኒቱ ሽያጭ የሚደርሰው ድርሻ ሌላ ሒሳብ ነው። በአክሲዮኑ በኩል ግን መድኃኒቱ ሠርቶ፣ ፈቃዱ ወጥቶ፣ ገበያው ተገኝቶ ትርፉ ዜሮ ነው። የሰባት ዓመቱን ወለድ ስታስቡበት ደግሞ ኪሳራ ነው።

ይህን ሁሉ ለልጁ ነገርኩት። ስለ እናቱ ምርመራ ሲሰማ ዝም ብሎ ቆየ፤ ያኔ ትንሽ ስለነበር አላስረዳነውም። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት፦ «ያ ኩባንያ ማመልከቻውን አስገባሁ ነው ያለው፣ ወይስ ተቀብለውኛል ነው ያለው?»

«አላየሁትም፣ አክስቴ» አለኝ።

ከሦስት ቀን በኋላ መልእክት ላከ። አስገባሁ ነው የሚለው። 60ው ቀን ገና አልሞላም። ሙከራው ማነጻጸሪያ ወገን አለው ወይ ብዬ መልሼ ጻፍኩለት፤ እያነበበ ነው። ገንዘቡ ባለበት አለ፤ ታናሽ እኅቱ በመስከረም ዩኒቨርሲቲ ትገባለች።