ላለፈ ክረምት ቤት ቢሠራ ኖሮ

በእኔ ዕድሜ ያለን ሰዎች የማትሰለቸን አንዲት ጨዋታ አለች። የዛሬውን እውቀትህን እንደያዝክ ወደ 16 ዓመትህ ብትመለስ ምን ታደርጋለህ? መልሶቹ ያው የታወቁ ናቸው። አንዱ ቢትኮይን በሳንቲም ይሸጥ በነበረበት ጊዜ ይገዛል። ሌላው አዲስ አበባ ዳር ላይ መሬት ይይዛል። ተጫዋቾቹ የዋጫ ልጆች ከሆኑ ደግሞ መልሱ ወደ ሰፈር ጠጋ ይላል፤ ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ዳር ለአንድ ሱቅ የምትበቃ ቦታ ብቻ! ሌላ ትምህርት በመረጥኩ የሚልም፣ ያቺን ልጅ ባናገርኳት የሚልም አይጠፋም።

ታላላቆቻችን ይህን ሲሰሙ «ላለፈ ክረምት ቤት አይሠራም» ብለው ወሬውን ይዘጉታል። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ጨዋታዋ ዝም ብላ ባትዘጋ እመርጣለሁ፤ ውስጧ አንድ ያልተመረመረ እምነት አለ። ያኔ የጎደለን እውቀት ብቻ ነበር፣ ብናውቅ ኖሮ ሁሉም ይስተካከል ነበር የሚል እምነት። ይህን በራስ ሕይወት ላይ መፈተን ያስቸግራል፤ የራስ ነገር ሲሆን ሁላችንም ወገንተኛ ነን። በአገር ታሪክ ላይ ግን መሞከር ይቻላል።

እኔም የማውቀውን አገር፣ ከፋን፣ ልውሰድ። አንዲት የ18 ዓመት የዋጫ ልጅ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ እንላክ። ዛሬ መጽሐፍና ኢንተርኔት ላይ ያለውን ሁሉ ታውቃለች እንበል። ስልክ፣ ብርና መሣሪያ ይዞ መሄድ ግን አይፈቀድም። እውቀት ብቻ።

ንጉሡ የሚያውቁት ነገር

መጀመሪያ ወደ 1888 ዓ.ም. እንላካት። ከፋ ወደ 500 ዓመት እንደኖረ የሚነገርለት መንግሥት ነው። ንጉሡ «ታቶ» ይባላል፤ ሚክሬቾ የሚባል የአማካሪዎች ጉባኤ አለው። ዙፋኑ ላይ ያሉት ጋኪ ሼሮቾ ናቸው፤ ከነገሡ ጥቂት ዓመታቸው ነው። እኛ መጨረሻውን እናውቃለን። በ1889 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ጦር በራስ ወልደ ጊዮርጊስ መሪነት ይመጣል። ንጉሡ በጫካው እየተሸሸጉ ለወራት ይቆያሉ፤ በ1890 መግቢያ ላይ ይያዛሉ፤ ከዚያም ከ20 ዓመት በላይ በምርኮ ኖረው በእስር እንዳሉ ያርፋሉ። ሕዝቡ ደግሞ የሚሞተው ሞቶ፣ የሚሸጠው በባርነት ተሸጦ፣ አገሩ ይራቆታል።

ልጅቷ ይህን ሁሉ ብትነግራቸውስ? ጦር ይመጣል፣ ጠመንጃው ብዙ ነው፣ አትችሉትም ብትላቸው?

እዚህ ላይ ነው ጨዋታዋ መንገዳገድ የምትጀምረው። ለጋኪ ሼሮቾ ይህ አዲስ ወሬ አልነበረም። ከጎጀብ ማዶ የጅማው ዳግማዊ አባ ጅፋር ከዓመታት በፊት ለምኒልክ ገብረው፣ ግዛታቸውን ራሳቸው እያስተዳደሩ ይኖሩ ነበር። ከኦሞ ማዶ ደግሞ የወላይታው ካዎ ጦና አልገብርም ብለው ተዋግተው፣ በ1887 ዓ.ም. ተሸንፈው ተማርከዋል። እንግዲህ መጪው ጊዜ ሁለት መልክ ይዞ፣ አንዱ በዚህ ሌላው በዚያ፣ ለማየት ለሚፈልግ ሁሉ ተዘርግቶ ነበር። ቦንጋ የታወቀች የነጋዴዎች ከተማ ናት፤ ወሬ ከቡናውና ከዝባዱ ጋር ይገባ ይወጣ ነበር። ይህን ለመንገር ከ130 ዓመት በኋላ መምጣት አያስፈልግም፤ አንድ የጅማ ነጋዴ ይበቃል።

ታዲያ የጎደለው ምን ነበር? አንዱ ጠመንጃ ነው። የከፋ ጠመንጃ በመቶ ቢቆጠር፣ የመጣባቸው በብዙ ሺህ ነበር። ልጅቷ ጠመንጃ እንዴት እንደሚሠራ ብታውቅም አፈሙዙን የሚያወጣ ብረት፣ ብረቱን የሚቀርጽ ማሽን፣ ባሩዱን የሚያመጣ ወደብ የላትም። የእኔ ሙያ ሰዎች ይህን ቶሎ ይረዱታል። ዛሬ የተጻፈን ፕሮግራም ወስዳችሁ ከ20 ዓመት በፊት በተሠራ ኮምፒውተር ላይ ብትጭኑት አይነሳም። ኮዱ ስህተት ኖሮበት አይደለም፤ የሚደገፍባቸው ነገሮች ሁሉ እዚያ ስለሌሉ ነው። እውቀትም እንደዚያው ነው።

ሁለተኛው ነገር ሰሚ ነው። ወደ ወጣትነቴ ልመለስ ስንል ሁልጊዜ ራሳችንን የምናስቀምጠው ሰው በሚሰማን ቦታ ነው። ልጅቷ ግን የማንጆ ልጅ ሆና ብትወለድስ? ማንጆዎች በከፋ ውስጥ የተገለሉ ነበሩ፤ የሌላው ሰው ቤት ደፍረው አይገቡም ነበር። ወይም ባሪያ ሆና ብትወለድስ? የዓለምን እውቀት ሁሉ በጭንቅላቷ ይዛ ከበሩ ውጭ ትቀራለች። በዚያ ዘመን ከበሩ ውጭ ከቀሩት ሰዎች መካከል ብዙ የሚያውቁ እንደነበሩ አልጠራጠርም።

ገብሩና ሕዝቡን አድኑ የሚለው ምክር ብቻ ይቀራል። ከዛሬ ሆነን ስናየው ልክ ይመስላል። ግን የጅማንም የወላይታንም አይቶ አልገብርም ያለን ንጉሥ መረጃ አነሰው ማለት አይቻልም። እሳቸው የመረጡት በክብርና በሕይወት መካከል ነው። እንዲህ ያለውን ምርጫ መጨረሻውን ማወቅ ብቻውን አይፈታውም።

የጌሻ ዘር

አሁን ደግሞ ወደ 1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንላካት። እንግሊዞች ጌሻ ከሚባለው የደቡብ ምዕራብ አገር የጫካ ቡና ዘር ለቅመው ይወስዳሉ። ትክክለኛው ጫካ የትኛው ነው የሚለው ዛሬም ያከራክራል፤ የከፋው ጌሻ ወረዳ ግን ከዋጫ ሩቅ አይደለም። ዘሩ በምሥራቅ አፍሪካ የምርምር ጣቢያዎች አልፎ በ1953 ኮስታ ሪካ ይደርሳል። እዚያ ቲ2722 የሚል ቁጥር ተሰጠው። በ1960ዎቹ የቡና ቅጠል ዝገትን ይቋቋማል ተብሎ ፓናማ ገባ። ከዚያስ? ከዚያ ምንም! ገበሬዎቹ አልወደዱትም፤ ቅርንጫፉ ይሰበራል፣ ምርቱም ያንሳል። በ2004 ግን ቦኬቴ በሚባለው የፓናማ ደጋ አንድ ቤተሰብ የዚህን ዛፍ ፍሬ ከሌላው ለይቶ ለውድድር አቀረበ። ተራ ቡና በፓውንድ 1 ዶላር በማያወጣበት ጊዜ ይህኛው ከ20 ዶላር በላይ ተሸጠ። በ2025 ደግሞ 20 ኪሎ ብቻ የሆነ የፓናማ ጌሻ በጨረታ በኪሎ ከ30,000 ዶላር በላይ አወጣ።

ይህን ታሪክ የሚሰማ የአካባቢያችን ልጅ ሁሉ ያንገበግበዋል። እኔንም ያንገበግበኛል። ልጅቷ ያን ዘር ለቃሚ መንገድ ላይ አግኝታ ብታስቆመውስ? ለገበሬው ይህ ወርቅ ነው፣ እንዳትሰጥ ብትለውስ?

ገበሬው መጀመሪያ የሚጠይቃት ለማን ልሽጠው ብሎ ነው። መልስ የላትም። ቡናን እየቀመሰ ነጥብ የሚሰጥ ባለሙያ በአገሩ የለም፣ ጨረታ የለም፣ መኪና የሚያስኬድ መንገድ የለም። ዘሩን ተቀብላ ለ40 ዓመት ያቆየችው ፓናማ እንኳ በእጇ ያለውን አላወቀችም ነበር። ዋጋው ዘሩ ውስጥ ተቀብሮ የተቀመጠ ምሥጢር አልነበረም። የተሠራው በኋላ ነው፤ ከፍታው ተሞክሮ፣ ማሳው ተለይቶ፣ ቀማሽና ገዢ ተገኝቶ። የዛሬው እውቀት የምንለው ብዙ ጊዜ በኪስ የሚያዝ ነገር አይደለም፤ ራሱ መንገዱ ነው። መንገዱን ያልሄደ ሰው ሊሸከመው አይችልም።

ከዚሁ ከቡና ሳንወጣ አንድ ተቃራኒ ምሳሌ ልጨምር። በ1971 (እ.ኤ.አ.) የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ገባና ፍሬውን በዛፉ ላይ እያጠቆረ መጨረስ ጀመረ። ከወደፊት የመጣ መካሪ አልነበረም። ግን ጅማ መልኮ ላይ ገና ከጥቂት ዓመታት በፊት የተቋቋመ የምርምር ጣቢያ ነበር። ተመራማሪዎቹ በደቡብ ምዕራቡ ጫካና ማሳ እየዞሩ በታመሙት መካከል ጤነኛ ሆነው የቆሙትን ዛፎች ፈለጉ። ዛሬ ገበሬው 74110 እና 74112 እያለ በቁጥር የሚጠራቸው ዝርያዎች የዚያ ፍለጋ ውጤት ናቸው፤ «74» የተመረጡበት ዓመት ነው፣ 1974። መድኃኒቱ ጫካው ውስጥ ቀድሞም ቆሞ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው በሽታው ከመምጣቱ በፊት የሚፈልግ ሰውና የሚሠራበት ቦታ መኖሩ ነው።

ከወደፊት የመጡት 60,000

ሦስተኛው ጉዞ ወደ 1967 ዓ.ም. ነው። ለዚህ ጉዞ ግን ልጅቷን መላክ አያስፈልገንም፤ ጨዋታዋን አገሪቱ በእውን ተጫውታዋለች።

በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ። እስቲ በእነሱ ዓይን አስቡት። 18፣ 20 ዓመታቸው ነው። ገጠሩ ለእነሱ ያለፈው ዘመን ነው፤ ራሳቸው ደግሞ መጪውን ዘመን አንብበው ጨርሰዋል። ታሪክ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃሉ፤ ቢያንስ እንደሚያውቁ እርግጠኛ ናቸው። ከወደፊት እንደመጣ ሰው ሆነው ነው ገበሬው ቤት የገቡት።

ልክ የሆኑበት ነገርም ነበር፤ ትልቅ ነገር። መሬት ላራሹ ብለው ነበር፣ የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ከፋን ጨምሮ በደቡቡ ለአሥርት ዓመታት ለባለመሬት ሲገብር የኖረው ጭሰኛ ከጭሰኝነት ወጣ። ይህን አሳንሶ ማየት ግፍ ነው።

የቀረው ግን እንዳሰቡት አልሄደም። ብዙዎቹ የደረሱበትን አገር ቋንቋ አይችሉም፤ ካፊኖኖ የሚናገር ገበሬን በአማርኛ ማንቃት በራሱ ሌላ ዘመቻ ነው። በየቦታው ከባለመሬቱ፣ ከፖሊሱ፣ በመጨረሻም ከላካቸው ከደርግ ጋር ተጋጩ። ብዙዎች ዘመቻው ሳያልቅ ጥለው ወጡ። ከዚያ የመጣውን፣ የኢሕአፓንና የመኢሶንን፣ የቀይ ሽብርን ነገር ሁላችንም ቤት ውስጥ በሹክሹክታ ሰምተነዋል።

ከዚያ የተረፉት አርጅተው መጽሐፍ ጻፉ። ክፍሉ ታደሰ የሥራውን ርእስ «ያ ትውልድ» አለው፤ ስሙ የትውልዱ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ከዚያም በኋላ ከሁሉም ወገን ማስታወሻ ወጣ። ስታነቧቸው የእኛን ጨዋታ በደም ተጽፋ ታገኟታላችሁ፤ ያኔ የዛሬውን ባውቅ። የሚገርመው ግን አለመስማማታቸው ነው። ከ40 ዓመት በኋላ፣ ሰነዱ በእጃቸው፣ ውጤቱ በዓይናቸው ፊት ሆኖም ማን ቀድሞ ተኮሰ፣ የት ጋ ተሳሳትን በሚለው ይከራከራሉ። እንግዲህ የዛሬው እውቀት ይዘን እንመለስ ብንልስ የማንን ነው ይዘን የምንመለሰው?

የሚቀረው አንድ ሥራ

ሦስቱም ጉዞ ሲደመር ልጅቷ ባዶ እጇን የተመለሰች ይመስላል። አንድ ሥራ ግን ቀርቶላታል፣ ያንንም አንድ ሰው ሠርቶ አሳይቶናል።

ፍሪድሪክ ቢበር የቪየና ሰው ነው። በ1905 (እ.ኤ.አ.) ከፋ ሲገባ 32 ዓመቱ ነበር፤ ጋኪ ሼሮቾ ከተማረኩ 8 ዓመት ብቻ አልፏል። በ1909 ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። መንግሥቱን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ገና በሕይወት ነበሩ። ጠየቃቸው፤ ስለ ንጉሡ፣ ስለ ሥርዓቱ፣ ስለ እርሻው፣ ስለ ቤት አሠራሩ። የሰማውን በ1920 እና በ1923 በሁለት ቅጽ አሳተመ። ዓይኑ የውጭ ሰው ዓይን ነው፣ መጽሐፉም የከፋ ሰው በማያነበው በጀርመንኛ ነው። ሆኖም ዛሬ ስለዚያ መንግሥት ከምናውቀው ብዙው በእሱ ደብተር በኩል ያለፈ ነው። ብዙ ቢዘገይ ኖሮ የሚጠይቀው ሰው አያገኝም ነበር።

ይህን ለማድረግ ከወደፊት የመጣ እውቀት አላስፈለገውም። የሚያውቁት ሰዎች ሳያልፉ መድረስ ነው ያስፈለገው። እውቀቱ እዚያው ነበር፣ ንጉሡ ጆሮ ውስጥ እንደነበረው፣ ጫካው ውስጥ ቆሞ እንደነበረው።

በ1967 ዓ.ም. 18 ዓመቱ የነበረ የዋጫ ልጅ ዛሬ ወደ 70 ነው። ለባለመሬቱ ስንት ቁና ቡና እንደተሸከመ ያውቃል። ዘማቾቹ በየትኛው ቋንቋ ምን እንዳሉት፣ የትኛው ጫካ የማን እንደነበረ፣ የትኛው ቡና በበሽታው ዘመን ሳይጠቁር እንደቀረ ያውቃል። ይህ ጉግል ላይ የለም። የእኔ ትውልድ ደግሞ ኪሱ ውስጥ ድምፅ መቅጃ ይዞ፣ ለመስቀል አገር ቤት ገብቶ፣ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል።

ባለፈው ዋጫ ስሄድ ጨዋታዋን ለአንድ ጎረቤታችን ሽማግሌ አቀረብኩላቸው። አባባ፣ የዛሬውን እያወቁ ወደ ልጅነትዎ ቢመለሱ ምን ያደርጋሉ? ከብት ይላሉ፣ መሬት ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። ሁለተኛው ስኒ እስኪቀዳ ዝም አሉ። ከዚያ አባታቸውን አንድ ነገር መጠየቅ እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ከቤታቸው ጀርባ ያለውን አሮጌ ቡና ሰው ተክሎት ነው ወይስ ጫካው ራሱ ያበቀለው? ከሆነስ ማን ተከለው? አባታቸው ያውቁ እንደነበር እርግጠኛ ናቸው። ሳይጠይቁ ቀሩ።

ስልኬን አወጣሁና ስለዚያ ቡና የሚያውቁትን ሁሉ እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው።