ከሐዋሳ የወጡት፦ የትንሽ ሚስዮን ቤተ ክርስቲያን ፍሬ የት ይቆጠራል?

የተወደዳችሁ አገልጋዮችና የሥነ መለኮት ተማሪዎች፣ ከእናንተ መካከል በኪራይ ቤት ውስጥ ከአሥራ አምስትና ከሃያ ሰው ጋር አዲስ የወንጌል ሥራ የጀመራችሁ ትኖራላችሁ። የዓመቱ ሪፖርት ሲደርስ በቅጹ ላይ የምትሞሉት የታወቀ ነው። ስንት ሰው ተጠመቀ? ስንት አባል አለ? የአምልኮ ቦታ ተገኘ ወይ? እነዚህ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። የሐዋሳ የወንጌል ታሪክ ግን ሌላም ጥያቄ ያቀርብልናል፤ ከመካከላችሁ የወጣው ማን ነው? ወጥቶስ ምን ሠራ?

1. አዲስ ከተማ፣ አዲስ ሥራ

ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. በሐይቁ ዳር ስትቆረቆር ወንጌል ለአካባቢው እንግዳ አልነበረም። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን መልእክተኞች በ1920 ዓ.ም. ወደ ደቡብ ወርደው በሲዳሞ፣ በወላይታና በሆሳዕና ሥራ ጀምረው ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ደግሞ የኖርዌይ ሉተራን ሚስዮን በይርጋለምና በዙሪያው አገልግሏል። በአዲሲቱ ከተማ ገና ከጅምሩ ሥራ ከጀመሩት አንዱ ከስዊድን የጴንጤቆስጤ ጉባኤያት የተላከው የፊላደልፊያ ሚስዮን ነው።

የሥራውን ክብደት ለመረዳት በ1936 ዓ.ም. የወጣውን የሚስዮኖች ደንብ ማስታወስ ያስፈልጋል። ደንቡ አገሪቱን የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ክልልና ክፍት ክልል በማለት ለሁለት ከፍሏት ነበር። በመጀመሪያው ክልል ሚስዮን በትምህርትና በሕክምና ያገለግላል እንጂ የራሱን እምነት ማስተማር አይፈቀድለትም፤ በሁለተኛው መስበክ ይችላል። የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆንም ታዝዟል። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ለመትከል የመጣ ሰው ትምህርት ቤትም ይዞ ይመጣ ነበር። የፊላደልፊያ ሚስዮንም በሐዋሳ የሙያ ትምህርት ቤት ከፈተ።

ይህ ሁለት ሸክም መሆኑን በሥራው ያለፋችሁ ታውቃላችሁ። ትምህርት ቤቱ ገንዘብና ጊዜ ይፈልጋል፤ ጉባኤው ደግሞ እረኛ ይፈልጋል። በከተማው መግባቢያው አማርኛ ሲሆን ከከተማው ወጣ ሲሉ ያለው ሕዝብ ሲዳምኛ ይናገራል። በዚህ ላይ አዲስ ከተማ የመጤ ከተማ ናት። ተማሪው ትምህርቱን ሲጨርስ፣ የመንግሥት ሠራተኛው ዝውውር ሲደርሰው ይሄዳል። ዛሬ ያስተማራችሁት ሰው በዓመቱ ሌላ አገር ነው። የአባላትን መዝገብ ብቻ የሚያይ ሰው እንዲህ ያለውን ሥራ ውኃን በወንፊት እንደ መቅዳት ሊቆጥረው ይችላል።

2. የክረምቱ ትምህርት

ነገር ግን ፍሬው የመጣው ልክ በዚሁ በኩል ነው። ሚስዮኑ በክረምት፣ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ወጣቶችን እየሰበሰበ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ይሰጥ ነበር። ከሐዋሳ ብቻ ሳይሆን ከሌሎች ከተሞችም ተማሪዎች ይመጡ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ካገለገሉት መካከል ኬንያዊው ወንጌላዊ ኦማሄ ቻቻ ይገኛል። ወጣቶቹ እንደ እነርሱ አፍሪካዊ የሆነ ሰው በመንፈስ ቅዱስ ኃይል ሲያገለግል ማየታቸው ቀላል ነገር አልነበረም። በ1957 ዓ.ም. ገደማ በሐዋሳው የክረምት ጉባኤ ብዙዎች የመንፈስ ቅዱስን ሙላት ተቀበሉ።

መስከረም ሲጠባ ተማሪዎቹ ወደየመጡበት ተመለሱ። ሐዋሳ ላይ ቆሞ ለሚቆጥር ሰው ጉባኤው ተበተነ። እነርሱ ግን የተቀበሉትን ይዘው ሄዱ። በአዲስ አበባ፣ በሐረርና በናዝሬት ከነበሩት የወጣቶች የጸሎት ኅብረቶች ጋር ተገናኙ፤ ከዚህም እንቅስቃሴ በ1959 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሙሉ ወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን ተመሠረተች። መሥራቾቹ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ነበሩ። በስዊድኖቹም ሆነ በፊንላንዳውያኑ ሚስዮን ጥላ ሥር መግባት ሲችሉ ራሳቸውን የቻሉ ሆነው መቆምን መረጡ።

ዋጋም አስከፈላቸው። ሕጋዊ እውቅና ጠይቀው ተከለከሉ። በ1964 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በአንድ እሑድ ለአምልኮ ከተሰበሰቡት ወደ 250 የሚጠጉ አማኞች ታሰሩ። በደርግ ዘመንም አዳራሾች ሲዘጉ አምልኮው በየቤቱ በትናንሽ ኅብረቶች ቀጠለ። በኪራይ ቤት በጥቂት ሰው መጀመርን እንደ ውርደት የምናይ ካለን፣ ያ ዘመን ቤተ ክርስቲያን በሳሎን ውስጥም ቤተ ክርስቲያን መሆኗን አስተምሮናል።

በሐዋሳ የቀረው ሥራም አልከሰመም። ከፊላደልፊያ ሚስዮን አገልግሎት የኢትዮጵያ ሕይወት ብርሃን ቤተ ክርስቲያን ወጥታ ዛሬ በአገሪቱ በብዙ ቦታ ታገለግላለች።

3. መሄድ ሁሉ ፍሬ ነውን?

እዚህ ላይ አንድ እረኛ በቅንነት ሊጠይቅ ይችላል፤ “ያሳደግኋቸው ወጣቶች ወጥተው የራሳቸውን ኅብረት ሲመሠርቱ ይህን ፍሬ ልበለው ወይስ መከፋፈል?” ጥያቄው ከባድ ነው፤ በዘመናችን በሥልጣንና በጥቅም ምክንያት የሚፈጠረውን መለያየት በወንጌል ስም መሸፈን አይገባም። ልዩነቱን ለመመርመር የሐዋሳ ታሪክ ይረዳናል። ወጣቶቹ የሄዱት ከሌላ ጉባኤ ምእመናንን ለመውሰድ ሳይሆን ወንጌል ላልደረሳቸው ለመመስከር ነበር። በጸሎት ከሌሎች ጋር ተባበሩ። የመረጡት መንገድም ወደ ምቾት ሳይሆን ወደ እስር ወሰዳቸው።

ተመሳሳይ ነገር በወላይታ ቀደም ብሎ ታይቷል። በ1926 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ 10 ሰዎች ተጠመቁ። በ1929 ዓ.ም. ጣሊያኖች ሚስዮናውያኑን ሲያስወጡ የተጠመቁት ወደ 50 ገደማ ብቻ ነበሩ። ሚስዮናውያኑ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጉ አማኞች ጠበቋቸው። በወላይታ የሄደው ተካዩ ነው፤ በሐዋሳ የሄዱት የተተከሉት ናቸው። በሁለቱም ሥራው ያደገው ከጀመረው ሰው እጅ ከወጣ በኋላ ነው። ሐዋርያው በ1ኛ ቆሮንቶስ 3፥6-7 ስለ ተካይና ስለ አጠጪ ያስተማረው ይህንኑ ነው።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ የጥቂቶች እረኛ ሆናችሁ ስትደክሙ ራሳችሁን ሦስት ነገር ጠይቁ። በዝውውር የሚሄደው አባል ሲሄድ ሌላውን ማስተማር የሚችል ሆኖ ነው የሚሄደው? በክረምት ዕረፍት በእጃችሁ የሚገቡትን ወጣቶች መጽሐፍ ቅዱስን በሥርዓት ታስተምሯቸዋላችሁ ወይስ ለመዘምራን ቁጥር ብቻ ትፈልጓቸዋላችሁ? ከእናንተ የተለየ መንገድ ጌታ ቢያሳያቸው፣ የአንጾኪያ ጉባኤ በሐዋርያት ሥራ 13 እንዳደረገችው እጅ ጭናችሁ ለመሸኘት ዝግጁ ናችሁ?

በሪፖርቱ ቅጽ ላይ ለዚህ ቦታ ላይኖር ይችላል። የሄዱትን ስም ግን በራሳችሁ ማስታወሻ ጻፉ፤ ጸልዩላቸውም። የሐዋሳው የክረምት ትምህርት ፍሬ በብዛት የተገኘው በሐዋሳ መዝገብ ላይ አልነበረም።