ገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል

ገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ አካባቢ የሚገኝ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዘመናዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ሲሆን ስሙን ያገኘው ከሠዓሊ፣ ገጣሚና መምህር ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነው።

ገብረ ክርስቶስ በ1932 እ.ኤ.አ. በሐረር ተወለደ። አባቱ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ሲሆኑ የብራና መጻሕፍትንም በሥዕል ያስጌጡ ነበር። በጀርመን ኮሎኝ ሥነ ጥበብ ተምሮ ከተመለሰ በኋላ በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ። በኢትዮጵያ የረቂቅ (አብስትራክት) ሥዕል ፈር ቀዳጅ ነው፤ ከታወቁት ሥራዎቹ አንዱ «ጎልጎታ» ነው። አሳሳሉ የባዕድ ነው ተብሎ ቢተችም በ1965 እ.ኤ.አ. በሥነ ጥበብ ዘርፍ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማትን ተቀብሏል። በደርግ ዘመን ተሰድዶ በ1981 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት፣ ላውተን ከተማ አረፈ። ዕድሜው ገና ሃምሳ አልሞላም ነበር። የግጥሞቹ መድበል «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» የታተመው ከሞተ በኋላ ነው።

ያስተማረበት ትምህርት ቤት ያኔ የዩኒቨርሲቲው አካል አልነበረም፤ የተቀላቀለው ኋላ ነው። ዛሬ በመሥራቹ በሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ስም ይጠራል።